በምጽዋ በር የገባ ሁሉ



እዚህ ሰቆጣ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ዘመናዊውን ዓለም የቀረጹ የታሪክ መታጠፊያዎች የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ የተሰጠው ተናጋሪ አብዛኛውን ጊዜ ከፓሪስ ይነሣል። ባስቲዬ ተሰበረ፣ እንግሊዝ አገር የእንፋሎት ሞተር ተሠራ፣ ሳራዬቮ ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ በርሊን ላይ ግንብ ፈረሰ ሲል ይቆይና ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ይህ ሁሉ በአገራችንም ላይ የራሱን ተጽዕኖ አሳድሯል» ብሎ ይወርዳል። እኛም በትምህርት ቤት የሰማነው ይህንኑ ነው። ዛሬ መንገዱን ልገልብጠው። ከዋግ እነሣለሁ፤ ወደ ውጭ የምወጣው ነገሩ ራሱ እየጎተተ ሲወስደኝ ብቻ ነው።

የምለው ነገር አንድ ነው። ባለፉት 160 ዓመታት ዓለም መልኳን የቀየረችባቸው ጉዳዮች ወደ ዋግ ዘግይተው አልመጡም። አንዳንዶቹ በዚያው ዓመት፣ አንዳንዶቹም በዚያው ወር ደርሰውናል። ዋግን የጎዳት ከበሩ መራቋ ነው። በሩ ምጽዋ ነበረ። በእርሱ የሚገባውን ቀድሞ የሚቀበል ያተርፋል፤ ከኋላ ያለው የተረፈውን ይቀበላል፤ አንዳንዴም ጥይቱን።

1860 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጃፓን ውስጥ የሾጉኖች አገዛዝ ተሽሮ ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሰ፤ የሜጂ ዘመን የሚባለው ተጀመረ። ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ነሐሴ ላይ ደግሞ፣ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ በሚወጡበት በዚያ ወር፣ ዋግሹም ጎበዜ ዘቢጥ ላይ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሦስቱም በአንድ የእኛ ዓመት ውስጥ የሆኑ ናቸው። የመጀመሪያውን የዓለም ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይጽፉታል። ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይጽፉታል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ያገኛል፤ በቴዎድሮስና በዮሐንስ መካከል እንደ ድልድይ ይታለፋል።

የዋግሹሞች ቤት ከዛጉዌ ነገሥታት የሚወለድ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለእናንተ ይህን መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን በወሰደ ጊዜ ለዋጉ ገዥ በንጉሥ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስጎሰም ክብር ተጠበቀለት ሲል ትውፊቱ ይናገራል። ከዚህ ቤት የወጡት ጎበዜ ቂም ነበረባቸው። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን አፄ ቴዎድሮስ ሰቅለዋቸዋል። ልጁ ሸፈቱ፤ ቴዎድሮስ እየደከሙ ሲሄዱም ዋግንና ላስታን ይዘው ከተነሡት ሁሉ ብርቱ ሆነው ወጡ። በደም፣ በክብርና በሠራዊት ብዛት ቢሆን ዙፋኑ የሚገባቸው ነበሩ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት በበሩ ሌላ ሰው ገብቶ ነበር። ጀኔራል ናፒየር ከቦምቤይ ተነሥቶ ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ወረደ። 13,000 ያህል ወታደር ነበረው፤ ከ40 በላይ ዝሆን ነበረው። ከባሕሩ ዳር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ ዘረጋ፣ ፎቶ አንሺ አስከተለ። ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን እስረኞች ለማስፈታት የመጣ ጦር የኢንዱስትሪውን ዘመን ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ ነው ተራራችን ላይ የወጣው።

ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ትንሿ ናት፤ ብሩ። የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ላይ ለገብሱ፣ ለሣሩ፣ ለበቅሎው የሚከፍለው በማርትሬዛ ነበር። ገበሬው ደግሞ ማርትሬዛ ስለሆነ ብቻ አይቀበልም። ብሩን ያገላብጠዋል፤ በእቴጌይቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራል፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን የካባ ጌጥ ያያል። የተሟሸሸ ከሆነ ወይም አንድ ነጠብጣብ ከጎደለው ይመልሰዋል። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት ቪየና ድረስ ሄዶ በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ማርትሬዛ ማስመታት ግድ ሆነበት። ማርያ ተሬዛ ከሞተች ከ80 ዓመት በላይ አልፏት ነበር፤ ብሩ ላይ ያለው ዓመት ግን 1780 ላይ እንደቆመ ነው፤ ሌላ ዓመት ቢጻፍበት ማንም አይነካውም። በዘመኑ የዓለምን ገንዘብ ሲያሽከረክር የነበረው የለንደን መንግሥት፣ ደገኛ ገበሬ የሚያምነውን ብር ፍለጋ የሌላ አገር ደጅ ጠና። ሰቆጣ ራሷ ከአርሆ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ስለነበረች የገንዘብ ነገር እዚህ አገር ቀልድ አልነበረም። «ኋላ ቀር» የሚለውን ቃል በችኮላ ለሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ታሪክ ማስታወስ ደስ ይለኛል።

የቀረው ግን ደስ አይልም። ከመቅደላ በታች እሮጌ ላይ፣ በስቅለት ዕለት፣ ከኋላ የሚጎርሰው ሰናድር ጠመንጃ በጦር ሜዳ ተሞከረ። ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ ይፈልቃል።

ናፒየር ወደ ባሕሩ ሲመለስ መንገዱን ለከፈቱለትና ስንቅ ላቀረቡለት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ስጦታ ትቶ ሄደ። ስድስት መድፍ፣ ስድስት ሞርታር፣ 850 ያህል ጠመንጃ፣ ከነጥይቱና ከነባሩዱ። ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊም ወደ ኋላ ቀርቶ የካሣን ወታደር ሰልፍ ያስተምር ጀመር። ዋግሹም ጎበዜም የእንግሊዝን ጦር አልተዋጉትም፤ መንገዱን አልዘጉበትም። ስጦታው ግን በሩ አጠገብ ላለው ሰው ቀረ።

ከመድፉ ያላነሰ ሌላም ነገር ነበረ፤ ጳጳስ። አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ ታስረው ሳሉ በ1860 መጀመሪያ ላይ ዐርፈዋል። ስለዚህ ተክለ ጊዮርጊስ ሲነግሡ አገሪቱ ውስጥ ቅባት የሚቀባ ጳጳስ አልነበረም። ካሣ ገንዘብ ልከው ከእስክንድርያ አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ፤ እሳቸውም በዚያው በምጽዋ በር ገብተው ከካሣ ዘንድ ሆኑ። ጠመንጃውና ጳጳሱ በአንድ በር ገብተው በአንድ ሰው እጅ ገቡ ማለት ነው። ተክለ ጊዮርጊስ በጎንደር የተጎዱ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያሳድሱ፣ ካህናቱን ሲያስደስቱ፣ የካሣን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አግብተው ጉዳዩን በጋብቻ ሊያስሩት ሲሞክሩ ነበር። ይህ ሁሉ በድሮው ሥርዓት ቢሆን የሚያዋጣ፣ የበሰለ ሰው አካሄድ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥርዓቱ ራሱ መለወጡን ነው ያላዩት።

በ1863 ዓ.ም. ክረምት ተክለ ጊዮርጊስ ተከዜን ተሻግረው ወደ ትግራይ ዘመቱ። የታሪክ ጸሐፊዎች ሠራዊታቸውን 60,000፣ የካሣን 12,000 ያህል ይገምቱታል። ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ዐድዋ አጠገብ አሰም ላይ ተገጣጠሙ። ብዙኃኑ ተበተኑ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ከነቤተ ሰባቸው ተማረኩ፤ በእስር ሳሉም ሞቱ። ካሣ በጥር 1864 አክሱም ላይ፣ በአቡነ አትናቴዎስ እጅ፣ አፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ዋግ ከዛጉዌ በኋላ አንድ ጊዜ ያገኘችው ዙፋን ሦስት ዓመት ኖሮ አለፈ።

አሰም በሆነበት ዓመት፣ በ1863 የጥምቀት ዕለት፣ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ታወጀ። የክሩፕ መድፍና በባቡር የሚጓጓዝ ጦር ፈረንሳይን አንበርክኮ ነበር። ከጥምቀት እስከ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ስድስት ወር አይሞላም። በራይን ወንዝ ማዶም፣ በአሰም ሜዳም ያ ዓመት የነገረው አንድ ነገር ነው፤ የሰው ብዛትና የቤት ክብር ከእንግዲህ ብቻውን አያነግሥም። ጃፓኖች በ1860 የሰሙትን ይህን ወሬ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ከገዛ ቁስላቸው ተማሩት።

«እሺ፣ የሁለት አማቾች ጠብ ከዓለም ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ልቀጥል። ኅዳር 1862 የስዊዝ ቦይ ተከፍቶ ነበር፤ ቀይ ባሕር የጓሮ ኩሬ መሆኑ ቀርቶ የዓለም ዋና ጎዳና ሆነ። ቦዩን የቆፈረችው ግብጽ ናት፤ ገዥዋ ከዲቭ እስማኤል የቀይ ባሕርን ዳርቻና ሐበሻን ሊጠቀልል ተመኘ። አሜሪካ ውስጥ በእርስ በርሱ ጦርነት ተዋግተው ሥራ ያጡ መኮንኖችን ሳይቀር ቀጥሮ ጦሩን ላከ። ኅዳር 7 ቀን 1868 ጉንደት ላይ፣ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ ጉራዕ ላይ አፄ ዮሐንስ ያን ጦር ደመሰሱት፤ የሬሚንግተን ጠመንጃውንና መድፉን ማረኩ። በዚያው ኅዳር፣ ከጉንደት አሥር ቀን ሳይሞላ፣ እስማኤል የቦዩን አክሲዮን ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። በሚያዝያ ግብጽ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። በ1875 መባቻ የእንግሊዝ ጦር ካይሮ ገባ፤ የአፍሪካ ቅርምት እግር ያወጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። ግብጽን ያከሰራት የኢትዮጵያ ጦርነት ብቻ ነው ብል ዋሾ እሆናለሁ። ቦዩ ራሱ፣ የካይሮ አዳዲስ ሕንጻዎች፣ የአውሮፓ ባንኮች ወለድ አስቀድመው እስከ አንገቷ አስምጠዋታል። ጉራዕ ግን ሊሰምጥ ያለውን ራሷን ደፈቀው። ጉራዕን ያለ ዮሐንስ፣ ዮሐንስንም ያለ አሰም ማሰብ አይቻልም። ተክለ ጊዮርጊስ ቢያሸንፉ ኖሮስ? «ቢሆን ኖሮ» ታሪክ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሐሳብን ያሾላል ብዬ እወደዋለሁ። ከባሕሩ የራቀ፣ ሰሜኑን በአማችነት የያዘ፣ መድፍ የሌለው ንጉሠ ነገሥት ያን የግብጽ ጦር እንዴት ይገጥመው እንደነበር አስቡት። የዋግ ልጅ ሆኜ እንኳ ብናገር፣ በአሰም የጠፋው የዋግ ዙፋን ከአራት ዓመት በኋላ የጉንደትን ድል አስገኝቷል ከማለት አላመልጥም። ይህን ስል ፊቱን ያጨፈገገ አባት አያለሁ፤ በኋላ እንከራከራለን።

ዐድዋን አልደግመውም፤ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሰው ይዘው ከአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር መሰለፋቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዐድዋ በፊት ስለገባው ሌላ እንግዳ ግን ከድሉ ይልቅ ጥቂት ነው የተነገረው።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ምጽዋን የያዙት ጣሊያኖች ለጦራቸው ስንቅ ከብት በመርከብ አስመጡ። ከብቶቹ የደስታ በሽታ ይዘው ነበር የወረዱት። በሽታው ወደ ደጋው ወጣ፤ ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲሞት ምን እንደሚከተል ለዋግ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥማድ የሌለው አያርስም፤ ያላረሰ አያጭድም፤ ዝናቡ ቢዘንብም ባይዘንብም ለእሱ ያው ነው። በዚያ ላይ ዝናቡም ጠፋ፣ አንበጣና ተምችም መጣ። ሰው በዶማ ቆፈረ። አያቶቻችን ያን ጊዜ ክፉ ቀን ብለው ጠሩት። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚል ግምትም አለ፤ ቁጥሩ ላይ ምሁራን ይከራከራሉ እንጂ እልቂቱ ላይ ክርክር የለም።

በሽታው ግን እዚህ አልቆመም። ከእኛ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ እየወረደ በ1889 ዓ.ም. አካባቢ የአህጉሩ ጫፍ፣ ኬፕ ድረስ ደረሰ። የማሳይን፣ የብዙውን የደቡብ አፍሪካ አርብቶ አደር ጉልበት የሰበረው ከቅኝ ገዥው ጠመንጃ በፊት ይህ ነው። ቅርምቱ ቀላል የሆነው ባዶ በረት ላይ ስለመጣ ጭምር ነው። እንግዲህ የዘመናዊቱን አፍሪካ ካርታ ከሠሩት ነገሮች መካከል አንዲት በመርከብ የመጣች የታመመች ላም አለችበት። ይህ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ጨርሶ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። በአፋር በረሃ ክትባቱን እየተሸከሙ የዞሩት የመንደር የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ለዚህ ድል ትልቅ ድርሻ አላቸው። ለዚያ ሥራ ሐውልት ሲቆም አላየሁም፤ ለጦርነት ድሎቻችን ግን ስንት አለን።

ወደ 1928 ልለፍ። የፋሺስት ጣሊያን ጦር በስዊዝ ቦይ እያለፈ፣ የማለፊያውን ቀረጥ እየከፈለ ምጽዋ ወረደ። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ነዳጅ ግን አልከለከለም፤ እንግሊዝም ቦዩን አልዘጋችም። መርዝ ጋዝን የሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት ከተፈረመ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፤ ጣሊያንም ፈርማለች። በታኅሣሥ 1928 ግን የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ተከዜ ላይ፣ በራስ እምሩ ጦር ላይ ወረደ። ቀጥሎ በተምቤን፣ ቀጥሎ እስከ አሸንጌ። ባዶ እግሩን የሚሄድ ወታደር ጋዙ ያረፈበትን ሣር ረግጦ እግሩ ይላጥ ነበር፤ ከወንዙ የጠጣ ይቃጠል ነበር። ሰቆጣ በመጋቢት ተያዘች፤ ከቀናት በኋላ የማይጨው ጦርነት ሆነ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ስለዚያ ጋዝ ለዓለም ተናገሩ፤ በሳምንታት ውስጥ ማኅበሩ ማዕቀቡን አነሣ። ትናንሽ አገሮችን ትልልቆቹ ይጠብቋቸዋል የሚለው የአንደኛው ዓለም ጦርነት ተስፋ የሞተው እዚያ ነው። ሂትለርም ቁጭ ብሎ ያይ ነበር።

የዋግ ሰው ግን በዚያ አላበቃም። በ1929 ክረምት፣ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋና ከደብረ ሊባኖስ በኋላ፣ በላስታ፣ በጎጃምና በበጌምድር ሰፊ አመጽ ተነሣ። በዚህ በኩል የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ናቸው። መስከረም 1930 ላይ ጠላት ገደላቸው፤ ራሳቸውን ቆርጦም እዚሁ ሰቆጣ ላይ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አሳየ። ማስፈራሪያው አልሠራም። ልጃቸው ወሰን ኃይሉ አርበኝነቱን ቀጠሉ። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሥልጣኑ ተነሥቶ የአኦስታው መስፍን እንዲተካው ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ አመጽ ነበር። በአውሮፓ ታሪክ ላይ የፋሺዝም የመጀመሪያ መሰንጠቅ ሲጻፍ ስፔን ይጠቀሳል፤ ላስታና ዋግ አይጠቀሱም። ቅሬታዬን እዚህ ላይ አስመዝግቤ ልለፍ።

አሁን ወደ 1977። ይህን ያየ ሰው አዳራሹ ውስጥ ስላለ ንግግሬን ቀስ አደርጋለሁ።

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሽ አገሮች ልመናውን አቅርቦ ነበር። ማንም ብዙ አልተንቀሳቀሰም። መስከረም 1977 መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ አከበረ። በዚያው ጊዜ ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያ የተነሣው ሰው ጦርነትና ረኀብ መሐል ሆኖ ወደ ኮረም ይጓዝ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው ምስል፣ ከኮረም ሜዳ ለንደን ላይ ታየ። ከዚያ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ደጋገሙት። በኅዳር ዘፋኞች ለረኀቡ እርዳታ ሊዘፍኑ ተሰበሰቡ፤ በሐምሌ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤድ የተባለው የእርዳታ የሙዚቃ ድግስ ተደረገ።

ይህኛው እንግዳ፣ ካሜራው፣ የመጣው በአውሮፕላን ነው፤ የወጣውም በሳተላይት። በሩ ከምጽዋ ወደ ሰማይ ተዛውሯል። ጠባዩ ግን አልተለወጠም፤ ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ነው። የ1966ቱ የወሎ ረኀብ ፊልም አገር ውስጥ ታይቶ መንግሥት ለመጣል ረድቷል። የ1977ቱ ፊልም ደግሞ ውጭ ታይቶ ሌላ ነገር ወለደ፤ የዛሬውን የዓለም እርዳታ ሥርዓት። ቴሌቪዥን ያየው ሕዝብ መንግሥታትን አስገድዶ እህል የሚያስልክበት መንገድ የተጠረገው ያኔ ነው። አሜሪካኖች ዝናብን፣ ሰብልንና የገበያ ዋጋን እየተከታተለ ረኀብን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀውን ተቋማቸውን በ1977 ገደማ ያበጁት ከኢትዮጵያና ከሱዳን ሐዘን ተነሥተው ነው።

ውለታውን አልክድም፤ ያ እህል ያተረፈው ሰው አሁንም አጠገባችሁ ተቀምጧል። ፊልሙ ያላሳየውን ግን እኛ ካልተናገርን ማን ይናገራል? ፊልሙ ረኀቡን ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት አስመሰለው። ጦርነቱ አልታየም፤ መንገዱ ለምን እንደተዘጋ አልታየም። እህል ሊቀበል የመጣው ሰው ለሠፈራ እየተለቀመ በአውሮፕላንና በመኪና ወደ ደቡብ ምዕራብ መላኩም ያኔ አልታየም። ኮረም ላይ ይሠራ የነበረው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን የፈረንሳይ ቅርንጫፍ ይህንን በአደባባይ ተናግሮ በ1978 ከአገር ተባረረ። እርዳታ ሰጪ ያየውን ይናገር ወይስ ዝም ብሎ ያክም የሚለው ክርክር ዛሬ ጄኔቫም ኒው ዮርክም ላይ ሲነሣ የኮረም ስም አብሮ ይነሣል። እዚህ ግን የምናስታውሰው ዘፈኑን ነው።

ወደ ቅርቡ ልምጣ፤ በሐምሌ 2007 መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን አወጀ። እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ፣ በፈረንጆቹ 2030፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቀንጨር ማጥፋት ነው ዓላማው። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው፤ ቀጥሎ ወደ 240 ወረዳዎች ሰፋ። ስሙን ከእናንተ ከተማ ወስዷል። ሳስበው የከተማዋ ስም በአገር ደረጃ ከራብ ምስል ጋር ሳይሆን ከተቆረጠ ቀን ጋር የታሰረበት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሥራውን በቅርብ ላየው ሰው የሚገርመው ትንሽነቱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በልጁ ክንድ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ቀለም ያላት ጠባብ መለኪያ ታዞራለች። ከ11 ሳንቲ ሜትር ተኩል በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ልጁ ዛሬውኑ ሕክምና ይጀምራል። በ1977 ኮረም ላይ ለዚህ ልጅ ያለው አማራጭ የካምፕ ድንኳን ነበር። ዛሬ ሌላ ሕመም ከሌለበት እናቱ የለውዝ ቅባቱን ከረጢት ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህ ካምፕ የሌለው ሕክምና በሰፊው መጀመሪያ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። ቀይ የሆነው ክንድ ግን ርኀብን ነው የሚናገረው፤ መቀንጨር ከእርሱ ይለያል። መቀንጨሩ በቁመት ነው የሚለካው፤ መከላከሉም የሚሠራው በውኃ፣ በሽንት ቤት፣ በጓሮ አትክልት፣ በእናቲቱ የእርግዝና ወራት ነው። ፎቶ አይነሣም። ለካሜራ የሚመች ነገር የለውም።

ቃል ኪዳኑ ይሳካል ብዬ አልደመድምም። በ2013 የተጀመረው ጦርነት ወደ ዋግ ሲገባ ጤና ጣቢያዎች ተጎድተዋል፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀለው ሰው ሰቆጣ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ እናንተ ታውቃላችሁ። 2022 ደግሞ ሩቅ አይደለም። በዚያ ዓመት ሁለት ዓመት የሚሞላው ልጅ በ2020 ይወለዳል፤ እናቱ ዛሬ ምናልባት ኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዷ ናት።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ጥያቄና ክርክር እንጀምር። ስለ አሰም ፊታቸውን ያጨፈገጉት አባት መናገር እንደሚፈልጉ አይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርገው ጥቂት ይታገሡኝ። የመጀመሪያውን ዕድል በ1977 ኮረም ድረስ ለሄዱ ሰዎች እሰጣለሁ። በኽምጣና መናገር የሚቀላችሁ በኽምጣና ተናገሩ፤ የሚተረጉም ሰው ፊት ወንበር ላይ አለ፤ የሚቀዳም አለ።